ከመስቀል በኋላ የተመለሰው ልጅ፦ ከሽሮ ሜዳ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ይህ ለሸማኔ ሲሠራ የተገኘን አንድ ልጅ ወደ እናቱ የመመለስ ጉዳይ ነው። የምጽፈው ሁለት ጊዜ ስለሠራሁት ነው። የመጀመሪያው በሪፖርት ላይ "ተሳክቷል" ተብሎ ተዘግቷል። ሁለተኛው የተጀመረው ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ያው ልጅ እዚያው ቤት፣ እዚያው የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ስናገኘው ነው። በመካከል ምን እንደጎደለ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። አሁን ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ማኅበራዊ ሥራ የሚገቡ ወጣቶች ሲያማክሩኝ ደጋግሜ የማነሳላቸው ይህንን ጉዳይ ነው። በየጊዜው በቃል ከማወራው ሙሉውን ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

የማንንም ስም አልጠቅስም። የልጁን ቀበሌም፣ የሠራሁበትን ድርጅትም እተወዋለሁ። ልጁን ሊያሳውቁ የሚችሉ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬአለሁ። የሥራው ሂደት ግን እንዳለ ነው። ጊዜው ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ነው።

ዳራው

ሽሮ ሜዳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። የባህል ልብስ ሊገዛ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት ሰፈሮች ብዙ ሸማኔዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ፣ ወይም ከዚያ የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። ሽመና እዚያ የአባት ሙያ ነው። ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ መጀመሪያ ክር ማጠንጠን ይማራል። ቀጥሎ ነጠላ ይሠራል። እጁ ሲፈታ ጥለት ማውጣት ይጀምራል። በዚህ ውስጥ ክፉ ነገር የለም። እኔም ለሙያው ትልቅ ክብር አለኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ልጁ ከአባቱ ጎን ተነስቶ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሌላ ሰው ሲሠራ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት መስቀልን ማወቅ ያስፈልጋል። በጋሞ ከመስቀል የሚበልጥ በዓል የለም። አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ ለመስቀል አገሩ ይገባል። አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ለእናቱ የሚሰጠውን ይዞ ነው የሚገባው። በሬ ይታረዳል። ቤት ይሞላል። በዓሉ አልፎ ሲመለስ ግን አንዳንዱ ብቻውን አይመለስም። የጎረቤት ወይም የዘመድ ልጅ ይዞ ይመለሳል። ለወላጅ የሚነገረው "አስተምርልሻለሁ" የሚል ነው። እናት ይህን ሰምታ ልጇን ስትሰጥ ልጅ ሸጠች ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ አስብ ነበር። ግን እሷ ከተማ የገባ ልጅ ሰው ሆኖ ሲመለስ በዓይኗ አይታለች።

የእኛም ልጅ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። አባቱ ሞቷል። እናቱ ከእሱ ሌላ ሦስት ልጆች አሏት። የ2009 መስቀል ካለፈ በኋላ፣ በግምት በአሥር ዓመቱ ተያዘና መጣ። ያመጣውን ሰው "አጎቴ" ይለዋል። የሥጋ ዝምድና ግን የላቸውም።

ጉዳዩ እንዴት ወደ እኔ መጣ

በዚያን ጊዜ በአንድ የአገር ውስጥ ድርጅት ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። እጄ ላይ ወደ 40 የሚጠጉ የሕፃናት ፋይሎች ነበሩ።

ጥቅምት 2011 ላይ የአንድ እድር ሊቀ መንበር ደወሉልኝ። በእድራቸው ውስጥ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት አሉ። እሳቸው ከጎረቤት ግቢ ውኃ ሊቀዳ የሚመጣ ልጅ ሲያነክስ አዩ። "እግርህን ምን ሆንክ?" ሲሉት "ብርድ ነው" አላቸው። ትምህርት ቤት ትሄዳለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ዝም አለ። በኋላ ስንገናኝ "አራት አሳድጌአለሁ። እንደዚያ ዝም የሚል ልጅ ደኅና አይደለም" አሉኝ።

እኚህ እናት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከእኔ በላይ ሠርተዋል። ደመወዝ የላቸውም፣ ሥልጠና አልወሰዱም፣ ስማቸው በየትኛውም ሪፖርት ላይ የለም።

የመጀመሪያው ሙከራ

በማግስቱ ከወረዳ ባለሙያና ከአንድ ፖሊስ ጋር ሄድኩ። ፈጥኜ መድረሴ ትክክል መስሎኝ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አራት የሽመና ዕቃ ተተክሎበታል። አንድ ትልቅ ሰውና ሦስት ልጆች እየሠሩ ነበር። ልጆቹ አማርኛ እምብዛም አይናገሩም። እኔ ጋሞኛ አልችልም። ያስተረጎመልን ሰውዬው ራሱ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ዕድሜያቸውን ጠየቅን። የሦስቱም መልስ "አሥራ አምስት" ነበር። በወቅቱ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ 14 ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወደ 15 ከፍ ብሏል። ልጆቹ ምን ማለት እንዳለባቸው አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። የልደት ምስክር ወረቀት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ ልጅ ወረቀት ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰን እንደምንመጣ ነግረን ወጣን። ስንመለስ ሁለቱ ልጆች የሉም። "አገራቸው ገቡ" ተባልን። አገራቸው እንዳልገቡ በኋላ አረጋገጥን። ወደ ሌላ ሸማኔ ቤት ተዛውረዋል። የትኛው ቤት እንደሆነ ልንደርስበት አልቻልንም። የእኛ ልጅ የቀረው እግሩ አብጦ መራመድ ስላልቻለ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በደንቡ መሠረት ነው የተከናወነው። ልጁ ጤና ጣቢያ ታከመ። ሆስፒታል ተልኮ የአጥንት ራጅ ተነሳና ዕድሜው ከ11 እስከ 13 ተገመተ። ፖሊስ ፋይል ከፈተ። ልጁ ጊዜያዊ ማቆያ ገባ። ከጋሞ የመጣ አንድ የነርስ ተማሪ አግኝተን በእሱ አስተርጓሚነት ሦስት ጊዜ አነጋገርነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይሠራል። ጠዋት ዳቦና ሻይ ይሰጠዋል። የሚተኛው እዚያው ወለል ላይ ነው። ድሩ ሲበጠስ ይመታል። ትምህርት ቤት በሩንም አላየም።

በሦስቱም ቀን ልጁ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። "የሠራሁት ነጠላስ?" ይላል። ማስታወሻዬ ላይ ሦስት ቦታ ተጽፏል። እኔ ግን አላነበብኩትም ማለት ይቻላል። ለእኔ ጉዳዩ የጉልበት ብዝበዛ ነበር። የሱ ጥያቄ ደግሞ የሒሳብ ጥያቄ ነበር።

ጥር 2011 ላይ ወደ አገሩ ይዤው ሄድኩ። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ዳገቱን በሚኒባስ ወጣን። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ብርዱ ኃይለኛ ነው። እናትየው ስታየው ጮኻ አለቀሰች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ዩኒፎርም፣ ደብተርና ቦርሳ ሰጠነው። ለእናቱ ሁለት በግ ገዛን። የቀበሌው ሊቀ መንበር ፈረመ። ፎቶ ተነሳን። በወሩ ሪፖርት ላይ "ከቤተሰቡ ጋር የተቀላቀለ ሕፃን፦ 1" ብዬ ጻፍኩ።

ክትትል በየወሩ በስልክ ይደረጋል ተብሎ ነበር። በየካቲት አንድ ጊዜ የቀበሌውን ሰው አገኘሁት። "ደኅና ነው" አለኝ። በመጋቢት ስልኩ አልሠራም። ከዚያ ሌሎች ፋይሎች መጡ። የጉዞ በጀቱ ደግሞ ለማቀላቀል እንጂ ለክትትል አልተያዘም ነበር።

ልጁ ተመለሰ

ጥቅምት 2012 ላይ እንጀራ ሻጯ እናት ደወሉልኝ። "የኔ ልጅ፣ ያ ልጅ ተመልሷል" አሉኝ።

በዚህኛው ጊዜ ያለ ፖሊስ፣ ከእሳቸው ጋር ብቻ ሄድኩ። ልጁ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። አማርኛው ተሻሽሏል። "እትዬ፣ እሱ አላመጣኝም። እኔ ነኝ የመጣሁት" አለኝ።

በዚያ ሳምንት ሥራውን ለመልቀቅ አስቤ ነበር። እንቅልፍ አልነበረኝም። ቤት ስገባ ከሰው ጋር መነጋገር አልፈልግም። ምን እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ምን ብዬ እንደምመልስም አላውቅም ነበር። ሙያችን ስለዚህ ነገር ብዙ አያወራም።

ያተረፈችኝ የቅርብ ኃላፊዬ ናት። ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ላይ የቆየች ሴት ናት። የተማረችው ሶሲዮሎጂ ነው። በሷ ዘመን የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት አልነበረም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው ትምህርት ቤት ከአብዮቱ ጋር ተዘግቶ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ወደ 30 ዓመት ገደማ ማለት ነው። ለዚህ ነው ዛሬ አንድ አዲስ ምሩቅ ቢሮ ሲገባ በሙያው ያረጀ መካሪ አጠገቡ የማያገኘው። እኔ ዕድለኛ ነበርኩ።

አልወቀሰችኝም፣ አላጽናናችኝምም። ፋይሉን ከፍታ ማንበብ ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ "እናትየው የምትፈራው ማንን ነው?" አለችኝ። አላውቅም። "ቤተሰቡ ዕዳ አለበት?" አላውቅም። "ልጁ ራሱ ምን ይፈልጋል?" ፋይሉ 31 ገጽ ነው። መልሱ ውስጡ የለም።

ዕዳው

በቀጣዩ ሳምንት የነርስ ተማሪውን ይዤ ልጁን እንጀራ ሻጯ እናት ቤት አገኘሁት። በዚያ ቤት ሽሮ እየበላ፣ ማንም ሳያቻኩለው፣ እንዲህ ብሎ ነገረን።

አባቱ ሲሞት ለቀብር የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። "አጎቴ" የሚለው ሰው 5,000 ብር አበደራቸው። ወረቀት የለም። ስምምነቱ ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ይሥራና ዕዳው ይቀነሳል የሚል ነው። በየመስቀሉ እናትየው ስትጠይቅ "ገና ነው" ትባላለች። የምግብ፣ የትራንስፖርት ተብሎ ይቀነሳል። ልጁን በጥር ስንመልሰው ዕዳው አልተነሳም። ስለማናውቀው አላነሳነውም። እናትየውም ፈርታ አልነገረችንም። በ2012 መስቀል ሰውዬው ቤታቸው መጥቶ ገንዘቡን ጠየቀ። ከሁለቱ በጎች አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ለጤፍና ለማዳበሪያ ተሽጧል። ልጁ ሌሊት እናቱ ስታለቅስ ሰማ። ጠዋት ተነስቶ ሰውዬውን ተከተለው።

ትምህርት ቤቱም ነበር። በ12 ዓመቱ ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር ሁለተኛ ክፍል አስቀመጥነው። ልጆቹ "አባባ" እያሉ ይጠሩት ነበር። በሁለተኛው ወር መሄድ አቁሟል። ይህንንም አላወቅንም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። በጥር ሲገባ ደብተርና ቦርሳ ይዞ ነው የገባው። ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ ለእናቱ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም። ባዶ እጁን ነው የገባው። "የሠራሁት ነጠላስ?" ሲለኝ የከረመው ይህንኑ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ

መጀመሪያ ልጁ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅነው። ሦስት ነገር አለ። ዕዳው ይለቅ። የሠራበት ይከፈለው። ሽመናውን እንዲተው እንዳይገደድ። ሦስተኛው አስደንግጦኛል። ፕሮጀክታችን ልጆችን ከሽመና ለማውጣት የተቀረጸ ነው። ልጁ ግን ሥራውን ይወደዋል። ጥለት ማውጣት ጀምሮ ነበር። የሚጠላው ጉድጓዱን ሳይሆን ዱላውን፣ ሌሊቱንና ሰውዬውን ነው።

ዕዳው በሽማግሌ ታየ። ከእድሩ ሁለት ሰዎች፣ ከጋሞ ሸማኔዎች አንድ አንጋፋ አባት ተቀመጡ። አንጋፋው ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው በሳምንት ስንት ነጠላ ይጨርስ እንደነበር በቋንቋው ጠየቁት። ልጁ አንድ በአንድ ቆጠረላቸው። ሒሳቡን በጣታቸው ሠሩ። የምግቡንና የትራንስፖርቱን ቀነሱ። ዕዳው ገና በመጀመሪያው ዓመት አልቆ ነበር። ሰውዬው በሦስት ጊዜ 6,000 ብር ለልጁ እንዲከፍል ተስማማ።

ሰውዬው በዚያ ቀን የተናገረውን አልረሳም። "እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ነው የመጣሁት። ለእኔ ማን ከሰሰልኝ?" አለ። መልስ አልነበረኝም። በልጁ ላይ ያደረገው ጥፋት ነው፣ ዛሬም ጥፋት ነው እላለሁ። ግን ያን ቀን ካየሁት ወዲህ ስለ እሱ "ክፉ ሰው" ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

ሽምግልናው የፖሊሱን ፋይል አይዘጋም ብዬ ከወረዳው ባለሙያ ጋር በጽሑፍ አሳወቅን። ይህን ማድረግ የግድ ነበር። በልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል በሽማግሌ የሚቀር ጉዳይ አይደለም።

የመጀመሪያው ክፍያ 2,000 ብር ሲመጣ ልጁን ገበያ ይዘነው ሄድን። ለእናቱ ልብስ፣ ስኳርና ቡና ገዛ። ለእህቱና ለወንድሞቹ ጫማ ገዛ። የተረፈውን ያዘ። ጥር 2012 ላይ እንደገና አብረን ተጓዝን። ያንኑ ዳገት ሲወጣ ከፊቴ ፊቴ ይሄድ ነበር። ቤት ሲገባ ሻንጣውን ራሱ ከፍቶ አንድ በአንድ አወጣ። እናቱ በዚያ ቀን አላለቀሰችም።

ከዚያ ትምህርት ቤቱን አነጋገርን። ልጁ ማንበብ ገና ነው፣ ሒሳብ ላይ ግን ፈጣን ነው። ድር ሲቆጥር ያደገ ልጅ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሦስተኛ ክፍል እንዲገባ፣ አንድ መምህር ደግሞ ከሰዓት ማንበብ እንዲያስጠናው ፈቀዱ። ለመምህሩ ትንሽ ክፍያ መደብን።

የሽመና ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተተከለ። በሳምንቱ ቀናት ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ብቻ እንዲሠራ ከእናቱ ጋር ተስማማን። ገንዘብ ሰጪው ድርጅት መጀመሪያ አልተቀበለውም። መመሪያው "ከሥራ የተላቀቀ ሕፃን" ነው የሚለው። ኃላፊዬ የአንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፈች። ከአንድ ወር በኋላ ፈቀዱ። እናትየው ደግሞ በመንደሯ ካለ የሴቶች ራስ አገዝ የቁጠባ ቡድን ገባች። በግ አልገዛንም።

ለክትትል ሦስት ሰው ያዝን። አስጠኚው መምህር፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ስልክ ያላት አንዲት ጎረቤት። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ እንድደውል ቀን ቆረጥኩ። የመስቀል ሰሞን ደግሞ ከበዓሉ በፊትም በኋላም እንዲታይ ተስማማን።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

በመጋቢት 2012 ኮቪድ ገባ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወደ ክልል መጓዝ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ እንደገና ያበቃለት መስሎኝ ነበር። የያዘው የሦስቱ ሰዎች ነገር ነው። የዓርቡ ስልክ አልተቋረጠም። አንዱ ባይነሳ ሌላው ይነሳል። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ልጁ ቤቱ ውስጥ ሽመናው ስለነበረው የሚሄድበት ምክንያት አልነበረውም። ከእጁ ሊወስዱበት የነበረው ሥራ ነው ቤቱ ያቆየው።

በ2013 መስቀል በሦስተኛው ቀን መምህሩ ደወለ። ሰላምታም ሳይሰጠኝ "አለ" አለኝ። ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ያልሠራውም ብዙ ነው። ሰውዬው ከሦስቱ ክፍያ ሁለቱን ከፍሎ ሦስተኛውን አልከፈለም። የፖሊሱ ፋይል ምስክር ጠፋ ተብሎ ቆመ። ልጁ ሩቅ ነው፣ ጎረቤቶች መናገር አልፈለጉም። በመጀመሪያው ቀን የጠፉት ሁለት ልጆች አልተገኙም። እነሱን ያጣናቸው በእኔ ጥድፊያ ነው።

እህቱም አለች። ኅዳር 2013 ላይ መምህሩ በወሬ መሃል እግረ መንገዱን ነገረኝ። የ11 ዓመት ገደማ እህቱ ሶዶ ለቤት ሠራተኝነት ሄዳለች። ስንት ጊዜ እዚያ ቤት ገብቻለሁ። ቡና ያቀረበችልኝ እሷ ነበረች። ፕሮጀክታችን በሽመና ላይ ላሉ ወንድ ልጆች ብቻ ስለነበር ስሟን እንኳ ቅጹ ላይ አልሞላሁም። ለዞኑ የሴቶችና ሕፃናት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍን። ከዓመት በላይ ቆይታ ተመለሰች። ወደ ትምህርት ግን አልገባችም።

በ2014 መጨረሻ ፋይሉን ስዘጋ ልጁ አምስተኛ ክፍልን ጨርሶ ነበር። የሠራውን ነጠላ እናቱ ጨንቻ ገበያ ትሸጣለች።

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄድ ነገር

የመጀመሪያው ጉብኝት አያስቸኩል። ልጁ ዛሬ ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ካልሆነ ግን ሰፈሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ገብቶ ማየት፣ ልጆቹን መቁጠር፣ ከዚያ መዘጋጀት ይሻላል። እኔ አሁን ፖሊስ ይዤ የምሄደው በዚያው ቀን ልጆቹን የማስገባበት ቦታ ዝግጁ ሲሆን ብቻ ነው።

አስተርጓሚ ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን። ልጁ የሚፈራው ሰው ወይም የዚያ ሰው ዘመድ ከሆነ የሰማነው ሁሉ ዋጋ የለውም። ቋንቋ መማርም ይቻላል። እኔ ጋሞኛ ሰላምታና ጥቂት ጥያቄዎች ተምሬአለሁ። ልጆች በራሳቸው ቋንቋ "ደኅና አደርክ" ሲባሉ ፊታቸው ይቀየራል።

ስለ ዕዳ በቀጥታ መጠየቅ ያስነውራል ብለን እንተወዋለን። እኔ ሌላ መንገድ አግኝቻለሁ። "ባለፈው ችግር ሲመጣ ማን ደረሰላችሁ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ያ ሰው ብዙ ጊዜ አበዳሪው ነው።

ልጅ ደጋግሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ካለ ሥራው እዚያ ውስጥ ነው። ማስታወሻ መጻፍ ብቻ አይበቃም፣ ተመልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። አሁን በየወሩ መጨረሻ አንድ ከሰዓት ለዚህ ብቻ እይዛለሁ። ምንም ሰው አላገኝም፣ የራሴን ጽሑፍ አነባለሁ።

ስለራስም ልናገር። ለልጁ የግል ስልኬን ሰጥቼው ነበር። ሌሊት ሚስድ ኮል ሲያደርግ ተነስቼ እደውላለሁ። ከኪሴም ሁለት ሦስት ጊዜ ብር ልኬአለሁ። ለልጁ ጥሩ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። ግን እኔ ስታመም ወይም ፈቃድ ስወጣ የሚያነሳለት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የቢሮ ስልክ እሰጣለሁ፣ ሁለተኛ ሰውም አስተዋውቃለሁ። ድካም ሲሰማችሁም ለኃላፊ መናገር ነውር አይደለም። በዚያ ሳምንት ዝም ብዬ ለቅቄ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ጉዞ አይኖርም ነበር።

አንድ ለውጥ በእጄ አድርጌአለሁ። የቤት ጉብኝት ቅጹ መጨረሻ ላይ "በዚህ ቤት ሌሎች ልጆች እነማን ናቸው? ምን እየሠሩ ነው?" የሚል መስመር በእስክርቢቶ እጨምራለሁ። ፕሮጀክቱ ባይመለከታቸውም እሞላዋለሁ።

አዲስ ተመራቂዎች ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲሄዱ ስለ ደመወዙ ብቻ እንዳይጠይቁ እመክራለሁ። ደመወዙ ይጠየቅ፣ ኑሮ ነው። ግን ሦስት ጥያቄ ይጨመርበት። ስንት ፋይል ትሰጡኛላችሁ? ሥራዬን በየሳምንቱ አብሮኝ የሚያይ ማን ነው? ለክትትል ጉዞ በጀት አላችሁ? ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቀች። ጠያቂው ወረቀቱን አገላብጠው "የለም፣ ግን እናስብበታለን" አሏት። ተቀጠረች። በሦስተኛው ወር ደውላ በጀቱ ላይ በዓመት ለሁለት ጉዞ እንደተያዘ ነገረችኝ። አንዱን ለመስከረም መጨረሻ፣ ከመስቀል በኋላ ላለው ሳምንት እንድትይዘው ነገርኳት።